ዓይን ሚዛን አይሆንም

ካሎሪ እየቆጠረ የሚበላ ሰው ወራት አልፈው ኪሎው አልንቀሳቀስ ሲለው ጥፋቱን ብዙ ጊዜ በተፈጥሮው ላይ ያላክካል፤ «እኔ ውኃ ብጠጣም እወፍራለሁ» ይላል። ይህን አቤቱታ የፈተሸ አንድ የአሜሪካ ጥናት በ1992 እ.ኤ.አ. በ«ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን» ታትሟል። በቀን ከ1,200 ካሎሪ በታች እየበላን አልቀነስንም ያሉ ሰዎች ሲመረመሩ ሰውነታቸው ኃይል የሚያቃጥለው እንደማንኛውም ሰው ሆኖ ተገኘ። የተሳሳተው መዝገባቸው ነበር፤ የበሉትን በአማካይ 47 በመቶ አሳንሰው፣ እንቅስቃሴያቸውን 51 በመቶ አጋንነው ጽፈዋል። የተጠኑት ሰዎች ጥቂት ስለሆኑ ቁጥሩ ለሁሉም ይሠራል ማለት አይቻልም። ትምህርቱ ግን ግልጽ ነው፦ በዓይን ግምት የተሞላ መዝገብ ግማሹን እውነት ሊደብቅ ይችላል። ስለዚህ ካሎሪ ለመቁጠር የወሰነ ሰው ከሁሉ በፊት የወጥ ቤት ሚዛን ይግዛ እላለሁ።

ይህ ማለት ግን እያንዳንዱ ቅጠል ይመዘን ማለት አይደለም። አንድ ግራም ስብ 9 ካሎሪ ሲኖረው አንድ ግራም ስታርች ወይም ፕሮቲን 4 ብቻ ነው ያለው። የተቀቀለ ጎመን ላይ በ50 ግራም የተሳሳተ ሰው ያጎደለው 15 ካሎሪ ያህል ነው፤ በዘይት ላይ ያው 50 ግራም 440 ካሎሪ ይሆናል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ አለው፤ ቁሌት ሲቁላላ ግን ማን በማንኪያ ይለካል? ከጠርሙሱ በዓይን ይንቆረቆራል እንጂ። «የጾም ምግብ ነው፣ ቀላል ነው» የሚባለው ወጥም የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። መፍትሔው አያስቸግርም፦ ጠርሙሱን ሚዛኑ ላይ አስቀምጦ ቁጥሩን ዜሮ ማድረግ፣ ቀድቶ መመለስ፤ ከዜሮ በታች የሚታየው ቁጥር ድስቱ ውስጥ የገባው ዘይት ነው። ጥሬውንና የበሰለውን አለመለየትም ሌላ ወጥመድ ነው። 100 ግራም ያልበሰለ ሩዝ 360 ካሎሪ ያህል ሲኖረው፣ ውኃ የጠጣው የበሰለ ሩዝ በዚያው ክብደት 130 ገደማ ብቻ ነው ያለው። የመዘኑት አንዱን፣ ያነበቡት የሌላውን ከሆነ ስሌቱ በሦስት እጥፍ ያህል ይዛባል።

«የኛ ምግብ ከአንድ ድስት ወጥቶ በአንድ ገበታ የሚበላ ነው፤ እንዴት ይመዘናል?» የሚል ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። መልሱ ገበታውን ትቶ ድስቱን መመዘን ነው። ግማሽ ኪሎ ምስር ክክ 1,750፣ 100 ግራም ዘይት 900፣ ግማሽ ኪሎ ሽንኩርት 200 ካሎሪ ያህል አላቸው፤ ድምሩ 2,850 ነው። ወጡ ሲበስል የባዶው ድስት ክብደት ተቀንሶ 1,900 ግራም ቢሆን፣ አንዱ ግራም 1.5 ካሎሪ ደረሰው ማለት ነው። ድርሻውን 250 ግራም አድርጎ ያወጣ ሰው 375 ካሎሪ ብሎ ይመዘግባል። እንጀራም እንደ ምጣዱ ስፋትና እንደ ሊጡ ውፍረት ስለሚለያይ «አንድ እንጀራ» መለኪያ አይሆንም፤ ግራሙ ነው መለኪያው። ጉርሻው ቢያመልጥም ስህተቱ ከጉርሻ አያልፍም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብዳል፦ የካሎሪ ሠንጠረዡ ራሱ ግምት ነው። እውነት ነው፤ በአሜሪካ ሕግ እንኳ የታሸገ ምግብ ትክክለኛ ካሎሪ መለያው ላይ ከተጻፈው እስከ 20 በመቶ ሊበልጥ ይችላል። ሆኖም አንዱን ስህተት ማስወገድ አለመቻል ሌላውን ለመጨመር ምክንያት አይሆንም። ደግሞም ሚዛን ዋነኛ ጥቅሙ ወጥነቱ ነው። የዛሬው ሰሃን እንደ ትናንቱ ከተመዘነ፣ ቁጥሩ ከእውነቱ ትንሽ ቢርቅም ኪሎ ካልቀነሰ ከምግቡ ምን ያህል መቀነስ እንዳለበት ያሳያል። ዓይን ግን በራበው ቀንና በጠገበ ቀን አንድ ዓይነት አይፈርድም።

መመዘን ገበታን ወደ ጭንቀት ይለውጣል የሚለው ስጋት በቀላሉ የሚታይ አይደለም። ከምግብ ጋር የታመመ ግንኙነት ያለው ሰው፣ በማደግ ላይ ያለ ልጅና ነፍሰ ጡር ሴት ያለ ሐኪም ምክር ካሎሪ ቆጠራ ውስጥ ባይገቡ ይሻላል። ሌላው ሰውም ቢሆን ዕድሜ ልኩን ግራም ሲቆጥር መኖር የለበትም፤ ጥቂት ሳምንታት የመዘነ ሰው ጭልፋው ስንት እንደሚይዝ ያውቃል፣ ከዚያ በኋላ አልፎ አልፎ ማረጋገጥ ይበቃዋል። ካሎሪ አለመቁጠር ነውር የለበትም። ለመቁጠር የቆረጠ ግን ሰውነቱን ከመውቀሱ በፊት የዘይቱን ጠርሙስ ሚዛን ላይ ያስቀምጥ።