ግድግዳው ይጽዳ፤ ጻፊው ግን አይጥፋ

ባለፈው ወር፣ የውጭ አገር ተማሪዎች በምንኖርበት ማደሪያ መግቢያ፣ ቀለም ከተቀባ ሳምንት ባልሞላው ግድግዳ ላይ፣ ባልታወቀ እጅ ጽሑፍ ተጽፎ ማደሩን ሁላችንም አይተናል። ጽሑፉ ስድብ አልነበረም። ስለ ውኃ መቋረጥ የተጻፈ አንድ መስመር ምሬት ነበር። ጉዳዩ በማኅበራችን ስብሰባ ላይ በተነሣ ጊዜ ግን አንዳንድ አባሎች «ጻፊው ተፈልጎ ስሙ ለአስተዳደሩ ይተላለፍ» የሚል ሐሳብ አቀረቡ፤ ጭብጨባም አገኙ። ውሳኔው ለሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ የተላለፈ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት ተቃውሞዬን በዚህች ቡለቲን ለአንባብያን ለማቅረብ እወዳለሁ።

በቅድሚያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። የሌላውን ግድግዳ ያለ ፈቃድ ማቆሸሽ ተገቢ ነው አልልም። ያን ዕለት ጠዋት ባልዲና ብሩሽ ይዘው ሲፈትጉ የነበሩት የማደሪያው አስተዳዳሪ ሳይሆኑ፣ በዕድሜ እናታችን የሚሆኑ የጽዳት ሠራተኛ ነበሩ። ስለዚህ ግድግዳው ይጽዳ። ክርክሬ ከጽዳቱ በኋላ በጻፊው ላይ ሊደረግ በታሰበው ነገር ላይ ነው።

እንዲህ ያለውን ችግር ከማንም ይልቅ የቀመሰችው የኒው ዮርክ ከተማ ናት። ወጣቶች ስማቸውን በምድር ውስጥ ባቡር ፉርጎዎች ላይ መጻፍ በጀመሩ ጊዜ፣ ከንቲባው ጆን ሊንድሲ በ1972 እ.ኤ.አ. ዘመቻ አወጁ። ፉርጎዎቹ በብዙ ገንዘብ እንደገና ተቀቡ፤ ወራት ሳይቆይ ግን አዲሱ ቀለም ለጻፊዎቹ ንጹሕ ሰሌዳ ሆነላቸው። በ1977 ደግሞ ባቡሮቹ በኃይለኛ ኬሚካል እንዲታጠቡ ተደረገ። የኬሚካሉ ትነት ግን በሠራተኞቹና በአካባቢው ነዋሪዎች ዘንድ የጤና ቅሬታ አስነሣ። በ1981 በከንቲባ ኤድ ኮች ዘመን ባቡሮቹ የሚያድሩበት አንድ ግቢ በሁለት ረድፍ አጥር ታጠረ፤ በሁለቱ አጥሮች መካከልም ውሾች ተለቀቁ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ በ1984 ቀላል ደንብ ወጣ። አንድ ፉርጎ አንድ ጊዜ ከጸዳ፣ ጽሑፍ እያለበት ዳግመኛ ወደ ሥራ አይወጣም፤ ከተጻፈበት ተመልሶ ይታጠባል። የጻፊው ፍላጎት ስሙ ከተማውን ሲዞር ማየት ነበርና፣ የማይታይ ስም ለመጻፍ የሚደክም እየቀነሰ ሄደ። አጥሩና አዳዲሶቹ ባቡሮችም የየራሳቸው ድርሻ ቢኖራቸውም፣ ሥራው ዳር የደረሰው በዚህ የዕለት ተዕለት ትጋት ነው። ግንቦት 12 ቀን 1989 እ.ኤ.አ. ጽሑፍ ያለበት የመጨረሻው ፉርጎ ከአገልግሎት ወጣ። እኛ በሕክምና ትምህርት ቤት ስለ ቁስል የምንማረውም ይኸንኑ ነው፤ ቁስል በየቀኑ በትዕግሥት ታጥቦ ይድናል እንጂ በቁጣ አይድንም።

ነገር ግን ከዚያ በፊት ሊመለስ የማይችል ነገር ጠፍቷል። በመስከረም ወር 1983 እ.ኤ.አ. ማይክል ስቱዋርት የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ ወጣት በባቡር ጣቢያ ግድግዳ ላይ ጽፈሃል ተብሎ በፖሊሶች ተያዘ። በዚያው ሌሊት ራሱን ስቶ ሆስፒታል ገባ፤ ለ13 ቀናት ሳይነቃ ቆይቶ ሞተ። ዕድሜው 25 ነበር። የከተማው ዋና የአስከሬን መርማሪ ስለ ሞቱ ምክንያት የሰጡት ቃል ተለዋወጠ። የተከሰሱትም ስድስት ፖሊሶች በ1985 በነፃ ተለቀቁ። እኔ ዘንድሮ በዚያው ዕድሜ ላይ ነኝ። ስለ አንድ የግድግዳ ጽሑፍ አንድ ወጣት አስከሬን ሆኖ ለምርመራ ሲቀርብ፣ ከተማዋ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጥላለች ከማለት በቀር ምን ይባላል?

በዚያው ሰሞን፣ በ1984፣ ከኒው ዮርክ ብዙ የማትርቀው ፊላደልፊያ ሌላ መንገድ ሞከረች። ከንቲባው ዊልሰን ጉድ ጽሑፍን የሚከላከል ድርጅት አቋቋሙ። ወጣቶቹ ዳግመኛ ላለመጻፍ ቃል እየገቡ፣ ያቆሸሹትን እያጸዱ፣ ጄን ጎልደን ከተባለች ሠዓሊ ጋር የግድግዳ ሥዕል እንዲሠሩ ተደረገ። ያ ጅምር አድጎ ዛሬ ከተማዋ በሺህ በሚቆጠሩ የግድግዳ ሥዕሎቿ የታወቀች ሆናለች።

እኛ በምንማርባት በካይሮም ከዚህ የተለየ ትምህርት አለ። በኖቬምበር 2011 በመሐመድ ማሕሙድ ጎዳና በነበረው ግጭት ብዙ ወጣቶች ዓይናቸውን ስላጡ፣ ሰዎች ቦታውን «የነፃነት ዓይኖች ጎዳና» ብለው ሰየሙት፤ ግድግዳውም በሟቾች ሥዕል ተሞላ። በሴፕቴምበር 2012 ሥዕሎቹ በሌሊት በቀለም ተሸፈኑ። ሠዓሊዎቹም ወዲያው ተመልሰው እንደገና ይሥሉ ጀመር፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሂሻም ቃንዲል ሳይቀሩ የማጥፋቱን ድርጊት ነቀፉ። ከዚህ የምንረዳው፣ በግድግዳ ላይ ያለ ሁሉ አንድ ዓይነት አለመሆኑን ነው። አንዱ ስሙን ያስተዋውቃል፤ ሌላው ሙታኑን ያስታውሳል፤ ሌላው ደግሞ ሰሚ አጥቶ ይጮኻል። ስለዚህ የሚፍቀው ሰው ከመፋቁ በፊት ማንበብ ይገባዋል።

በአገራችንም በቀይ ሽብር ዘመን፣ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም.፣ በሌሊት መፈክር ጽፋችኋል፣ ወረቀት በትናችኋል ተብለው የተገደሉ ወጣቶች እንደነበሩ ከወላጆቻችን ሰምተናል። ያን ጊዜም ሥራው የሚጀምረው ስምን ጽፎ ከማስተላለፍ ነበር። ነገሩ ከማደሪያችን ጉዳይ ጋር በክብደት እንደማይመዛዘን አውቃለሁ። ሆኖም ስም አስተላላፊነት በትንሽ ነገር ሲለመድ በትልቁ ለማቆም ያስቸግራል።

«ዝም ከተባለ ነገ ግድግዳው ሁሉ ይሞላል፤ የማኅበራችንም ስም ይጎድፋል» የሚሉ ወገኖች አሉ። ሥጋታቸው ከንቱ አይደለም። ይሁን እንጂ የምንጠይቀውን ዋጋ እናስብ። በነፃ የትምህርት ዕድል የመጣ ተማሪ ስሙ በጥፋተኝነት ከተላለፈ፣ ቅጣቱ የቀለሙ ዋጋ ብቻ አይሆንም። የትምህርት ዕድሉ ሊቋረጥ፣ ከዚያም የመኖሪያ ፈቃዱ ሊሰረዝ ይችላል። የአምስት ዓመት ድካምና የአንድ ቤተሰብ ተስፋ በአንድ መስመር ጽሑፍ መለወጡ ፍርድ ነው ለማለት አልደፍርም። ውኃውም በሳምንት ሦስት ቀን መቋረጡን አላቆመም።

ስለዚህ ለጠቅላላ ጉባኤው ሦስት ሐሳቦች አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ወደፊት በማደሪያው ግድግዳ ላይ የሚጻፍ ማንኛውም ጽሑፍ በዚያው ዕለት በራሳችን ተራ ገቢ አባሎች ይጽዳ፤ ድካሙ በጽዳት ሠራተኛዋ ላይ አይውደቅ። ሁለተኛ፣ በመግቢያው ላይ ማንም ቅሬታውን የሚለጥፍበት የግድግዳ ጋዜጣ እንዲኖረን አስተዳደሩ ይጠየቅ። ሦስተኛ፣ የውኃው ጉዳይ በማኅበሩ ማኅተም በጽሑፍ ይቅረብ። ጻፊው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ለማወቅም አልፈልግም። ይህን ካነበበ ግን በመጀመሪያው የጽዳት ቀን ባልዲ ይዞ ከእኛ ጋር ቢሰለፍ ደስ ይለኛል። ማንነቱን የሚጠይቀው አይኖርም።

አንድ የሕክምና ተማሪ