ስለ ሒሳብ መርማሪዎች ክፍያ

ክቡር አዘጋጅ ሆይ፤

በቢቸናና በሞጣ ማኅበር አቁመው የሚነግዱ ሰዎች የውጭ ሒሳብ መርማሪ የሚጠይቀው ገንዘብ በዛብን እያሉ ሲያማርሩ ይሰማል። አቤቱታው ተገቢ ነው። የክፍያው ምክንያት ግን ግማሹ ከመርማሪው ዘንድ፥ ግማሹም ከራሳችን መዝገብ ውስጥ ይገኛል።

መርማሪው ዋጋውን የሚቆርጠው ሥራው በሚወስድበት ጊዜና በሚሸከመው ኃላፊነት ልክ ነው። ቅርንጫፍ የበዛበት፥ በመጋዘን የሚቆጠር ጤፍና ያልተሰበሰበ ዱቤ ያለበት ኩባንያ ከአንድ ሱቅ የበለጠ ያስከፍላል። ሁለተኛው ምክንያት መንገዱ ነው። ከአዲስ አበባ የሚመጣው መርማሪ የዓባይን ሸለቆ ወርዶ ወጥቶ ከደጀን በኋላ ወደ ቢቸና ይታጠፋል፤ የመጓጓዣውና የውሎ አበሉ ወጪ በእኛ ላይ ይወድቃል። ሦስተኛው ወቅቱ ነው። ሒሳቡን ሰኔ 30 ቀን የሚዘጋው ሁሉ መርማሪ የሚፈልገው በአንድ ጊዜ፥ ያውም በክረምት ነው። በአዋጅ ቁጥር 847/2006 መሠረት የሒሳብ ሪፖርት በዓለም አቀፍ ደረጃ እንዲዘጋጅ መደረጉም ሥራውን አብዝቶታል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን በእጃችን ያለው ነው። ደረሰኙ በየኪሱና በየመሳቢያው ተበትኖ ከጠበቀ ምርመራው ቀርቶ ለቀማ ይሆናል፤ የለቀማውንም ዋጋ የምንከፍለው እኛው ነን።

ይህም ሲባል እጅግ የረከሰውን መርማሪ እንምረጥ ማለት አይደለም። ዋጋውን ከልክ በላይ ያወረደ ሰው መጋዘኑን ሳይቆጥር ቢፈርም ሊያስገርመን አይገባም። ብዙ መክፈልም ቢሆን ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ኤንሮን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2000 ለመርማሪው ለአርተር አንደርሰን ለምርመራው 25 ሚሊዮን፥ ለሌላ አገልግሎት ደግሞ 27 ሚሊዮን ዶላር ያህል ከፍሎ ነበር። በ2001 ኩባንያው ከሰረ፤ በ2002 መርማሪው ድርጅት የኦዲት ሥራውን ተወ። ከአንድ ደንበኛ ይህን ያህል የሚያገኝ መርማሪ ያን ደንበኛ ለማስቀየም ይከብደዋል።

ስለዚህ የሚከተለው ቢታሰብበት መልካም ነው እላለሁ። አንደኛ፥ መርማሪውን ሥራ አስኪያጁ ለብቻው ተደራድሮ አይቅጠር። የአክሲዮን ማኅበር ኦዲተር በጠቅላላ ጉባኤ እንዲሾም የንግድ ሕጉ፥ አዋጅ ቁጥር 1243/2013 ይደነግጋል፤ ሌሎቻችንም ይህንኑ ልማድ ብናደርገው ይጠቅመናል። ሁለተኛ፥ ደረሰኝ በየወሩ ይሰብሰብ፤ ውሉም ከሰኔ በፊት ይፈረም። ሦስተኛ፥ ቢቸናና ሞጣ በአንድ መንገድ ላይ ያሉ ከተሞች ስለሆኑ፥ ኩባንያዎቻቸው ተነጋግረው አንድ መርማሪ በአንድ ጉዞ ቢያስመጡ የመንገዱን ወጪ ይካፈላሉ።

የምርመራው ጥቅም ለአስተዳዳሪዎች ብቻ አይደለም። ጥሪቱን በአክሲዮን አስገብቶ መዝገቡን ራሱ ማየት ለማይችለው ባላገር ዓይን የሚሆነው የመርማሪው ፊርማ ነው። በዚህ ፊርማ ላይ የሚደረግ ቁጠባ ኋላ ዋናውን ገንዘብ እንዳያስበላ ያሰጋል።

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ አንባቢ፥ ከቢቸና