ከሐይቅ ተነሥተው ባንኮክ ለሚሄዱ

አንባቢ ሆይ፤ ከሐይቅ ከተማ ወይም ከውጫሌ ተነሥቶ ወደ ውጭ አገር የሚወጣ ሰው ብዙውን ጊዜ ዐይኑን የሚጥለው በጂዳ ወይም በዱባይ ላይ ነበር። ዛሬ ግን የባንኮክ ስም በወሎ ቡና ቤቶችም ይነሣል። አንዱ የታመመ አባቱን ለማሳከም፥ ሌላው ልብስ ገዝቶ ለመነገድ፥ ሦስተኛው ለትምህርት ወይም ለስብሰባ ይሄዳል። አዲስ አበባ የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን መቀመጫ እንደ ሆነች ሁሉ፥ የተባበሩት መንግሥታት የእስያና የፓሲፊክ ኮሚሽን የሚገኘው ባንኮክ ነው፤ ስለዚህ የመንግሥት ሠራተኛም ሊላክ ይችላል። አራተኛው ጕዳይ ሥራ ፍለጋ ነው። ስለ እሱ ዝቅ ብለን በሰፊው እናወራለን፤ እውነቱን ለመናገር ይህን ጽሑፍ ያስነሣን እሱ ነው።

አስቀድሞ ስለ ዝግጅቱ። ፓስፖርትዎ ገና ቢያንስ ስድስት ወር የሚያገለግል ይሁን። ብዙ ሰው የሚዘነጋው የቢጫ ወባ ክትባት ነው። ኢትዮጵያ በሽታው አለባቸው ከሚባሉት አገሮች አንዷ ስለ ሆነች ታይላንድ የክትባቱን ካርድ ትጠይቃለች። ካርዱም የሚጸናው መርፌው ከተወጋ ከ10 ቀን በኋላ ነው። ቲኬት ቆርጦ በዋዜማው መርፌ ፍለጋ የሚሮጥ ሰው ገንዘቡን ሜዳ ላይ ጣለው ማለት ነው። የቪዛው ደንብ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ፥ ባለፈው ዓመት ከሄደ ጎረቤት ሳይሆን ከታይላንድ መንግሥት የቪዛ ድረ ገጽ ያረጋግጡ። ከሚያዝያ 23 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ማንኛውም የውጭ አገር መንገደኛ ከመድረሱ በፊት ባሉት ሦስት ቀኖች ውስጥ የመግቢያ ቅጽ በስልክ ወይም በኮምፒዩተር መሙላት አለበት። ቅጹ በነጻ ነው፤ «እኔ ልሙላልህ» ብሎ ብር የሚጠይቅ ሰው ቢመጣ ያሰናብቱት።

ወራቱንም ይምረጡ። የሐይቅ ሰው 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የኖረ ነው፤ ባንኮክ ግን ከባሕር ወለል እምብዛም ከፍ አትልም። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው ሙቀት ደጋ ላደገ ሰው ጭንቅ ነው። ከዚያ እስከ ጥቅምት ዝናብ ነው። ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ይሻላል። ሚያዝያ 5 ቀን አካባቢ የሚውለው የሶንግክራን በዓላቸው ሰው በመንገድ ላይ ውሃ የሚረጫጭበት ስለ ሆነ፥ ጕዳይ ለማስፈጸም የሚሄድ ሰው ያን ሳምንት ይተወው።

አሁን ወዳልነው ነገር እንምጣ። አንድ የሩቅ ዘመድ ወይም በስልክ ብቻ የሚያውቁት ሰው፥ «ባንኮክ የኮምፒዩተር ሥራ አለ፤ እንግሊዝኛ ማወቅና ፈጥኖ መጻፍ ይበቃል፤ ቲኬቱን ኩባንያው ይችለዋል» ቢልዎ ምን ይመልሳሉ? የጀማሪ የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝና የቤት ኪራይ እንደማይገናኙ ሁላችን እናውቃለን፤ ልብ መደንገጡ አይቀርም። ይሁንና የብዙዎች ጕዞ የደረሰበት ይህ ነው። አውሮፕላን ማረፊያው ላይ መኪና ይጠብቃል። መኪናው ግን ወደ ከተማው አይገባም፤ ወደ ሰሜን ምዕራብ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ነድቶ ማይ ሶት ከምትባል የድንበር ከተማ ይደርሳል። ከዚያ ሞይ የሚባለውን ወንዝ በጀልባ ተሻግሮ ሚያዋዲ፥ ምያንማር ነው። መንገደኛው በታጠረና በታጠቁ ሰዎች በሚጠበቅ ግቢ ውስጥ ይገባል፤ ፓስፖርቱ ይወሰዳል። የተባለው ሥራም በፍቅርና በንግድ ስም የሌላ አገር ሰዎችን በስልክ እያታለሉ ጥሪታቸውን መንጠቅ ሆኖ ይገኛል። እምቢ ያለ ይደበደባል፤ ልውጣ ያለ ቤተ ሰቡ የማይችለው ገንዘብ ይጠየቅበታል።

የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ጽሕፈት ቤት በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ፥ በምያንማር ብቻ ቢያንስ 120,000፥ በካምቦዲያ ደግሞ 100,000 ያህል ሰው በዚህ ሥራ ተይዞ ሊሆን እንደሚችል ገምቶ ነበር። በየካቲት 2017 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከእነዚህ ግቢዎች ወጥተው ለታይላንድ ከተሰጡት 260 ያህል ሰዎች መካከል ከግማሽ የሚበልጡት ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ወደ ዓረብ አገር የሚሄደውን የገጠር ልጅ «ተጠንቀቅ» እያልን የምንመክር እኛ ፊደል ቈጠርን የምንል ነን። በዚህኛው መንገድ ግን የሚፈለገው ያው ፊደል የቈጠረው፥ እንግሊዝኛ የሚጽፈው፥ ኮምፒዩተር የሚነካው ነው።

ስለ ውል ለአምባሰል ሰው መንገር ለቀባሪው አረዱት ይሆንብናል። በሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ውጫሌ ላይ ከኢጣልያ ጋራ የተደረገው ውል 17ኛው አንቀጹ በአማርኛው ንጉሡ ከወደዱ በኢጣልያ በኩል መላላክ እንደሚችሉ ሲናገር፥ በኢጣልያንኛው ግዴታ አድርጎት ተገኘ፤ ያ ልዩነት እስከ ዐድዋ አደረሰ። እንግዲህ በቻይንኛ ወይም በታይኛ የተጻፈ ወረቀት ላይ «ትርጕሙ ይኸው ነው» ተብለው አይፈርሙ።

ሥራ ነው ካሉ፥ አስቀጣሪው ኤጀንሲ ከሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ፈቃድ እንዳለውና መንግሥታችን ከዚያ አገር ጋራ የሠራተኛ ስምምነት እንዳለው በተሁለደሬ ወይም በአምባሰል ወረዳ የሥራ ጕዳይ የሚመለከተውን ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ። በውጭ አገር የሥራ ስምሪት ላይ የወጣው አዋጅ ቁጥር 923/2008 የሚለው ይህንኑ ነው። በጎብኚ ቪዛ ገብቶ መሥራት በታይላንድ ሕግ ክልክል ስለ ሆነ፥ «በቱሪስት ግባ፤ ከዚያ እናስተካክላለን» ያለዎት ሰው በዚያች ቃል ብቻ ራሱን አጋልጧል። ለጕብኝትም ቢሆን የመመለሻ ቲኬቱን በእጅዎ ይያዙ፤ የሆቴሉን ስምና የፓስፖርቱን ግልባጭ ለእኅት ወይም ለወንድም ይተዉ። ከአውሮፕላን እንደ ወረዱም ያላዘዙት መኪና ውስጥ አይግቡ።

መኪናው ደግሞ አያስፈልግም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2006 ከተከፈተው ከሱቫርናብሁሚ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ መካከለኛው ከተማ የሚወስድ ባቡር አለ፤ ፓያ ታይ እስከሚባለው ጣቢያ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ከዚያ በከፍታ ላይ የተሠራው የከተማ ባቡር ይቀበልዎታል። የመኪናው መጨናነቅ ከመገናኛ አደባባይ የባሰ ስለ ሆነ ባቡሩንና በቻኦ ፕራያ ወንዝ ላይ የሚመላለሱትን ጀልባዎች ይልመዱ። ቤተ መንግሥቱንና በአጠገቡ ያለውን ዋት ፖ የሚባለውን መቅደስ ለማየት በጀልባ መሄድ ራሱ ደስታ ነው። ጫማ ማውለቅና ትከሻን መሸፈን በቤተ ክርስቲያንም በመስጊድም የለመድነው ስለ ሆነ አይከብደንም። ስለ ንጉሣቸው ግን በቀልድም ቢሆን ክፉ አይናገሩ፤ በወንጀል ሕጋቸው አንቀጽ 112 እስከ 15 ዓመት ያሳስራል።

ለወሎ ሰው አንድ ነገር በግልጽ እንናገር፦ ጫት ይዘው አይሂዱ፤ አንዲት እንጨትም ብትሆን። በውስጡ ያለው ካቲኖን የሚባለው ነገር በዓለም አቀፍ ስምምነት ከአደገኛ ዕፆች ጋራ የተመዘገበ ነው። የሌላ ሰው ሻንጣ «አድርስልኝ» ቢባሉም እንዲሁ።

ምግቡ አያሳስብዎ። ሱኩምቪት በሚባለው ጎዳና ናና አካባቢ የዓረብና የአፍሪካ ምግብ ቤቶች ስላሉ ሐላል የሚፈልግ አይቸገርም። ጾመኛ ደግሞ «ጄ» የሚለውን ቃል ይያዝ፤ ሥጋም ወተትም ዕንቍላልም የሌለበት ምግባቸው ማለት ነው፤ ምልክቱ በቢጫ ላይ በቀይ የተጻፈ ፊደል ነው። እንዲያው «አትክልት» ብቻ ካሉ ግን የዓሣ መረቅ ሊገባበት ይችላል።

በሰዓት አቆጣጠርም እንግድነት አይሰማዎትም። ሰዓታቸው ከእኛ በአራት ሰዓት ይቀድማል፤ ነገር ግን በልማዳቸው ከመሸ በኋላ እንደ እኛው ከአንድ ጀምረው ይቈጥራሉ፤ የእኛ የምሽቱ 1 ሰዓት በእነሱም 1 ነው። ዓመታቸው ግን ከአውሮፓው በ543 ይበልጣል፤ 2025 ሲባል እነሱ 2568 ይላሉ፤ ስለዚህ መድኃኒት ሲገዙ የሚያበቃበትን ዓመት አይተው አይደንግጡ።

ማምሻውን ወደ ገበያው ብቅ ቢሉ፥ ከሐይቁ የሚወጣውን ቆሮሶ ጨው ተለብጦ በፍም ላይ ሲጠበስ ያገኙታል። እነሱ ፕላ ኒን ይሉታል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1965 የጃፓኑ አልጋ ወራሽ አኪሂቶ 50 ዓሣዎች ለታይላንዱ ንጉሥ ልከው ነበር፤ በአገሩ ሁሉ የተራባው ከእነዚያ ነው። ከጨው ቅርፊቱ ጋራ አይብሉት፤ ቅርፊቱ ተገፎ የሚጣል ነው።