የእናት ግድግዳ በባነር አይሸፈንም

መስከረም ከጠባ ሳምንት ሲያልፈው በጉራጌ ገጠር ቤቶች ዕቃቸውን ወደ ደጅ ያወጣሉ። ዓመቱን ሙሉ ግድግዳ ላይ ተሰቅለው ጭስ ሲጠጡ የከረሙት ሌማት፣ ጣባ፣ ቅልና የቀንድ ማንኪያ ወርደው ይታጠባሉ። ክረምቱ የላጠው ምርጊት ይጠገናል፤ ጭቃው ከጭድ ጋር ይቦካል፣ ሲደርቅ ከላዩ ቀለም ያለው አፈር ይቀባል። አሮጌው ጅባ ተነስቶ አዲስ ይነጠፋል። መስከረም 14 በደንጌሳት የጎመን ክትፎ ሲቀርብ፣ በማግስቱ በወኽምያ ከብት ሲታረድ፣ ቤቱ ሙሽራ መምሰል አለበት።

ብዙ ሰው ይሄን "የበዓል ጽዳት" ይለዋል። ጽዳት ብቻ ቢሆን ኖሮ የሚያከራክር ነገር አልነበረውም።

አንዲት እናት ያንን ጣባ ከግድግዳው ስታወርድ አጠገቧ ያለችው ልጅ "ይሄ የማን ነው?" ብላ ትጠይቃለች። መልሱ ረጅም ነው። አያት በሙሽርነቷ ይዛው የመጣች ይሆናል፤ አንዷ አክስት ወደ አዲስ አበባ ስትሄድ ትታው የሄደች ይሆናል፤ ዳር ዳሩ የተሰነጠቀው በየትኛው ዓመት እንደሆነም ይነገራል። የፎቶ አልበም ባልነበረበት ቤት የሞቱ ሰዎች ስም በዓመት አንዴ የሚጠራው እንዲህ ነው፤ ዕቃው ሲወርድ፣ ሲታጠብ፣ ተመልሶ በቦታው ሲሰቀል። "እዚህ ጋ አይደለም፣ እናቴ እዚያ ነበር የምትሰቅለው" የምትለዋ አንዲት ዓረፍተ ነገር ከብዙ የመታሰቢያ ንግግር ትበልጣለች።

አሁን ግን ሌላ ነገር መጥቷል። መርካቶ ወይም ጆሃንስበርግ የቀናው ልጅ በእናቱ ግቢ የብሎኬት ቤት ይሠራል። ሴራሚክ ወለል፣ ጂፕሰም ጣሪያ፣ ትልቅ ቴሌቪዥን። አሮጌው ሣር ቤት "የሰፈሩን ገጽታ ያበላሻል" ተብሎ ይፈርሳል፤ ዕቃው በማዳበሪያ ታስሮ መጋዘን ይገባል ወይም ለሚጠይቅ ይሸጣል። ከዚያ መስቀል ሲደርስ ወልቂጤ ላይ ባነር ይታተማል። "እንኳን ለብርሃነ መስቀሉ በሰላም አደረሳችሁ" የሚል ጽሑፍ፣ ከሥሩ የሟቹ አባት ፎቶ። የፕላስቲክ አበባ ይንጠለጠላል፣ ባለ ቀለም አምፖል ብልጭ ድርግም ይላል።

እዚህ ላይ ፍርድ መቸኮል የለበትም። ልጁ አባቱን ይወዳል፤ ባነሩም የፍቅር ነው። አዲሱ ቤትም ቢሆን ቀላል ስጦታ አይደለም። አርባ ዓመት በጭስ ዓይኗ የተቃጠለ እናት ንጹሕ ክፍል ውስጥ ስትተኛ ማን ይቃወማል? ሣር ቤቱ ለጎብኚ ያምራል፣ በሐምሌ ሌሊት ሲያፈስ ግን የምታውቀው ባለቤቷ ናት። ጥፋቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ባነሩ በሳምንቱ ይቀደዳል፣ ለሚቀጥለው ዓመት አዲስ ይታዘዛል፤ በመሀል ማንም ሰው ለማንም ምንም አልነገረም። የአባት ፎቶ ተሰቅሏል፣ የአባት ታሪክ ግን አልወረደም።

የሚገርመው ደግሞ አዲስ አበባ ያሉት የክትፎ ቤቶች ናቸው። ግድግዳቸውን ተመልከቱ፦ ሌማት፣ ጣባ፣ ቅል፣ በእንሰት የተሠራ ምንጣፍ። እናት ቤት "ቆሻሻ" የተባለው ዕቃ ቦሌ ላይ ጌጥ ሆኖ ሒሳብ ያስጨምራል። ልጁም እንግዳ ሲመጣበት እዚያ ይወስደዋል፣ "የእኛ ባህል ይሄ ነው" ይለዋል። የእኛ ባህል የተባለው ዕቃ ግን ከማን ቤት እንደመጣ፣ የማን እጅ እንደያዘው የሚያውቅ አስተናጋጅ የለም።

ሐረር ጀጎል ውስጥ ያለ ሰው ይሄን ነገር በሌላ መልኩ ያውቀዋል። የሐረሪ ቤት መደቡና ወለሉ በቀይ አፈር ይቀባል፤ ቀዩ በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት ላይ ለወደቁት መታሰቢያ ነው ተብሎ ከትውልድ ትውልድ ይነገራል። የቤቱ ግድግዳ ደግሞ በሴቶች እጅ በተሰፋ ስፌት ይሞላል፣ እያንዳንዱም ቦታ አለው። እዚያ ቀለም መቀባት ማለት ስም መጥራት ማለት ነው።

ቡታጅራ አካባቢ ደግሞ ነገሩ የክርስቲያን ብቻ አለመሆኑ ጎልቶ ይታያል። ሙስሊሙ ቤተሰብ ለአረፋ እንዲሁ ያደርጋል፤ ከአዲስ አበባ ይሰበሰባል፣ የሴቶች አረፋ የሚባል የራሱ ቀን አለ፣ ቤቱ ይለሰናል። ልዩነቱ አረፋ በየዓመቱ አሥርና አሥራ አንድ ቀን ወደ ኋላ ስለሚመጣ አንዳንዴ በክረምት እምብርት ላይ ይውላል፤ ያኔ ጭቃው አልደርቅ ብሎ ያስቸግራል። እዚያም ብሎኬትና የፕላስቲክ አበባ ገብቷል። ስለዚህ ወልቂጤ የጉራጌ ዞን፣ ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን ከተማ ሆነው በአስተዳደር ቢለያዩም ግድግዳቸው ላይ የደረሰው አንድ ነው።

አሁን የማይነገረው ይነገር። ይሄን ሁሉ የሚሠራው ማን ነው? ጭቃውን የሚያቦኩት፣ አፈሩን ከሩቅ ተሸክመው የሚያመጡት፣ ዓመቱን ሙሉ በዊጆ ቅቤ የሚያጠራቅሙት ሴቶች ናቸው። በዓል ሲያልፍ ወገባቸውን የሚይዙትም እነሱ ናቸው። "ባህላችን ጠፋ" የሚለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ መስከረም 14 ወይም 15 መኪናውን አቁሞ የሚወርድ ወንድ ነው፤ ቤቱ አምሮ ይጠብቀዋል፣ ክትፎው ይቀርብለታል፣ ፎቶ ያነሳል። ምራቶቹ "ለምን ቀለም አንገዛም?" ቢሉ ስንፍና አይደለም፤ ሒሳብ ነው። አንድ ባልዲ የኬሚካል ቀለም የሁለት ሳምንት ድካም ይቀንሳል። ሸክሙን የማይጋራ ሰው ሸክሙ ለምን ተራገፈ ብሎ መቆጣት አይችልም።

ስለዚህ የሚፈለገው ሣር ቤቱ ሁሉ ይቁም ማለት አይደለም። በአዲሱ ቤት ሳሎን ውስጥ አንዱን ግድግዳ ለእናት መተው ይቻላል፤ ሴራሚክ ሳይለጠፍበት፣ ቴሌቪዥን ሳይሰቀልበት። ጣባው፣ ሌማቱ፣ የቀንድ ማንኪያው እሷ በምታውቀው ቅደም ተከተል ይሰቀሉ፤ እሷ በሕይወት እያለች፣ እጇን እየጠቆመች። አንዱ የልጅ ልጅ በስልኩ ድምፅዋን ይቅዳ፤ የትኛው ዕቃ ከየት እንደመጣ ትናገር። ወጪው ከባነሩ አይበልጥም። በየዓመቱም ያ ግድግዳ ይውረድ፣ ይታጠብ፣ ይሰቀል፤ የሚያወርዱትም ወንዶቹ ጭምር ይሁኑ።

ይሄ ግን ቀድሞ መድረስን ይጠይቃል። ወደ ወልቂጤና ወደ ቡታጅራ የሚሄዱት መኪኖች የሚጨናነቁት በዓሉ ደጅ ሲደርስ ነው፤ ጭቃው የሚቦካው ከዚያ ሳምንት ቀደም ብሎ ነው። በዚያ ሳምንት መኪኖቹ ውስጥ ባዶ ወንበር አይጠፋም።