ሎተስ ከገንዳ አይውጣ

ግቢውን ለማስዋብ ሎተስን ከዘር ማብቀል ለሚያስብ ሰው ሥራው ከባድ አይደለም። የዘሩ ቅርፊት ጠንካራ በመሆኑ ውሃ እንዲያስገባ አንድ ጎኑ በሞረድ ይፋቃል፤ ነጣ ያለው ውስጡ ሲታይ መፋቁ ይቆማል። ከዚያም ለብ ባለ ውሃ ይዘፈዘፋል፤ ውሃው በየቀኑ ይቀየራል። ሲበቅል ታቹ ባልተበሳ ገንዳ፣ ውሃ በተሞላ መረሬ አፈር፣ ፀሐይ በሚያገኝበት ቦታ ይተከላል።

ችግሩ ከገንዳው ከወጣ ነው። ሎተስ በጭቃ ውስጥ በሚሄደው ግንዱ በፍጥነት ይስፋፋል። ዘሩም ዕድሜው ረጅም ነው፤ በቻይና ከደረቀ ሐይቅ የተገኘ 1 ሺህ 300 ዓመት ገደማ የሆነው ዘር በቅሏል። ኩሬ ወይም ሐይቅ ከገባ ማጥፋቱ ቀላል አይሆንም።

ለዚህ የጣና ዙሪያ አርሶ አደር ምስክር ነው። ከደቡብ አሜሪካ ተነሥቶ ለአበባው ውበት ሲባል በዓለም የተሰራጨውን እምቦጭ ውሃ ውስጥ ቆሞ በእጁ ነቅሏል፤ አረሙ ግን ዛሬም አልጠፋም።

ስለዚህ ሎተስ የሚተክል ሰው የገንዳውን ውሃ፣ ዘርና ቁርጥራጭ ወደ ወንዝ ወይም ወደ መስኖ ቦይ ሊደፋ አይገባም። የወረዳ ግብርና ባለሙያዎችም ይህን ምክር ቀድመው ይስጡ። ከዘመቻ ምክር ይረክሳል፤ ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ ነው።