ዕዳው የደረሰው፣ ጥያቄው ያልደረሰው ባለድርሻ

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከቃሉ እንጀምር። «ባለድርሻ አካላት» የሚሉት ቃል ከመጣ ወዲህ ስብሰባው ሁሉ በእሱ ተከፍቶ በእሱ ይዘጋል። ሚኒስቴሩ ሲናገር ባለድርሻ አካላት፣ ለጋሹ ሲናገር ባለድርሻ አካላት፣ ቀበሌው እንኳ ስለ ቦይ ጠረጋ ሲሰበስብ ባለድርሻ አካላት! ለመሆኑ ድርሻው የምን ድርሻ ነው? ባለድርሻ ማለት በአማርኛችን ከትርፉም ከኪሳራውም የሚደርሰው ሰው ማለት ነው። ዕቁብተኛ ባለድርሻ ነው፤ ወራሽ ባለድርሻ ነው። ለስብሰባ ተጠርቶ፣ ሻይ ጠጥቶ፣ አበል ፈርሞ የሚወጣ ሰው ግን እንግዳ እንጂ ባለድርሻ አይደለም።

ይህን ያነሳነው ያለ ምክንያት አይደለም። የዓለም ባንክ ገንዘብ በሚያበድራቸው አገሮች ውስጥ በየሦስት ዓመቱ ገደማ የሚያካሂደው አንድ የአስተያየት ጥናት አለ። «ስለ እኔ ምን ትላላችሁ?» ብሎ የሚጠይቀው ራሱ ባንኩ ነው። ሥራዬ ውጤት አምጥቷል ወይ? ታምኑኛላችሁ ወይ? ለአገራችሁ የሚበጀውን አውቃለሁ ወይ? ገንዘቤ ወደየትኛው ዘርፍ ይሂድ? ተጠያቂው ከ1 እስከ 10 ነጥብ ይሰጣል። ከዚያ አማካዩ ይወጣና በባለ ቀለም ሠንጠረዥ ይታተማል። ኢትዮጵያም ይህ ጥያቄ ከሚቀርብባቸው አገሮች አንዷ ናት።

እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ መጠየቁ በራሱ ነውር የለበትም። እስቲ ከእኛዎቹ መሥሪያ ቤቶች ስንቶቹ ናቸው ባለጉዳያቸውን ጠይቀው መልሱን አደባባይ የሚያወጡት? ባንኩ ግን ሙገሳውንም ወቀሳውንም ያትማል። በዚህስ ይመሰገናል። የእኛ ጥያቄ ሌላ ነው። የሚጠየቀው ማነው?

በየአገሩ የወጡትን ሪፖርቶች ያገላበጠ ሰው የሚያገኘው ዝርዝር ተመሳሳይ ነው። የጠቅላይ ሚኒስትሩ ወይም የፕሬዚዳንቱ ጽ/ቤት ሰዎች፣ ሚኒስትሮች፣ የፓርላማ አባላት፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞች፣ የባንኩን ፕሮጀክቶች የሚያስተዳድሩ ጽ/ቤቶች ባልደረቦች፣ በነዚሁ ፕሮጀክቶች የሚሠሩ አማካሪዎችና ተቋራጮች፣ የሌሎች ለጋሾች ተወካዮች፣ ነጋዴዎች፣ መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች፣ ጋዜጠኞችና የዩኒቨርሲቲ መምህራን። ልብ በሉ! ከተጠያቂዎቹ መካከል ደመወዛቸውን ወይም ውላቸውን ከዚሁ ብድር የሚያገኙ አሉ። እነሱም «ባለድርሻ» ተብለው ስለ አበዳሪው ነጥብ ይሰጣሉ።

ሰው ሠርግ ደግሶ ሲያበቃ፣ ድግሱ እንዴት እንደነበር ማወቅ ቢፈልግ ማንን ይጠይቃል? ዳሱ ውስጥ ተቀምጦ የበላውን ነው ወይስ ጠላ ሲቀዳ የዋለውን አሳላፊ? ባንኩ የጠየቀው በአብዛኛው አሳላፊውን ነው። አሳላፊው ደግሞ ምን ሊል ኖሯል? ለሚቀጥለውም ድግስ መጠራት ይፈልጋል። ለድግሱ ተብሎ በሬው የተነዳበት ጎረቤትማ ከነመኖሩም ያስታወሰው የለም።

«ጥናቱ መቼ የሕዝብ ድምፅ ነኝ አለ?» የሚል ይኖራል። ልክ ነው። ባንኩ የሚለው የአስተያየት መሪዎችንና አብረውት የሚሠሩትን እጠይቃለሁ ነው። ይሁን! ግን ውጤቱ ምን ላይ ይውላል? ባንኩ ለሚቀጥሉት ዓመታት ከአገሪቱ ጋር ምን ልሥራ ብሎ ሲያቅድ አንዱ መነሻው ይኸው ነው። ነጥቡ ከፍ ካለ «በባለድርሻዎች ዘንድ ተቀባይነት አለን» ይባላል። እንግዲህ ጥቂት መቶ ሰዎች ስለ መቶ ሚሊዮኖች ዕዳ መሰከሩ ማለት አይደለም?

ዕዳውስ ከየት ጀመረ? ኢትዮጵያ በ1936 ዓ.ም. ክረምት በብሬተን ውድስ ከተሰበሰቡት 44 አገሮች አንዷ ነበረች፤ ባንኩን ከመሠረቱት ትቆጠራለች። ከአፍሪካ አገሮች ቀድማ ከባንኩ የተበደረችውም እሷ ነች። በመስከረም 1943 ዓ.ም. ለአውራ ጎዳና 5 ሚሊዮን ዶላር፣ ለልማት ባንክ 2 ሚሊዮን ዶላር፣ በዚያው ዓመት ደግሞ ለቴሌፎን 1.5 ሚሊዮን ዶላር ወሰደች። የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ራሱ ከዚሁ ብድር ጋር የተወለደ መሥሪያ ቤት ነው። መንገዱ ተሠርቷል፣ ስልኩም ገብቷል። ብድር ሁሉ መርዝ ነው የሚል ሰው የአገሩን ታሪክ አያውቅም። ከዚያ ወዲህ ንጉሡ ሄደዋል፣ ደርግ ሄዷል፣ ኢሕአዴግም ፈርሷል። አበዳሪና ተበዳሪ ግን እየተኳረፉም እየታረቁም እስከ ዛሬ አሉ። በዚህ ሁሉ ዘመን «ልበደርልህ ወይ?» ተብሎ የተጠየቀ ኢትዮጵያዊ ካለ እስቲ እጁን ያውጣ!

እጅ ማውጣት ካልን አይቀር ፓርላማውን እናንሳ። የብድር ስምምነት በአዋጅ ጸድቆ በነጋሪት ጋዜጣ ይታተማል። ገዝቶ የሚያነብ ካለ ሁሉም ነገር እዚያ ተጽፏል፤ የገንዘቡ ልክ፣ የአገልግሎት ክፍያው፣ የእፎይታ ጊዜው። ከባንኩ ክንፍ ከዓለም አቀፍ ልማት ማኅበር የተወሰዱ ብዙዎቹ ብድሮች 0.75 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ያለባቸው፣ የ6 ዓመት እፎይታ ኖሯቸው በ38 ዓመት የሚከፈሉ ናቸው። ርካሽ ነው፤ አንክድም። ነገር ግን 38 ዓመት ማለት ምን ማለት እንደሆነ እንቁጠረው። ስምምነቱ በጸደቀበት ቀን የተወለደ ሕፃን የመጨረሻው ክፍያ ሲከፈል የልጆች አባት ሆኗል። እጃቸውን ያወጡት እንደራሴዎች ያን ጊዜ የሉም። ነጥብ የሰጡት ሚኒስትሮችም የሉም። ከሁሉም ይልቅ ባለድርሻ የሚባለው ያ ሕፃን አይደለም እንዴ?

ወደ ዛሬው ኑሮ እንምጣ። በ1985 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ የመዋቅር ማስተካከያ በሚባለው ፕሮግራም ዋዜማ፣ በ2.07 ብር ይመነዘር የነበረው ዶላር 5 ብር ገባ። ከ32 ዓመት ገደማ በኋላ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጣ። በማግሥቱ የዓለም ባንክ 1.5 ቢሊዮን ዶላር ማጽደቁን አስታወቀ፤ 1 ቢሊዮኑ ዕርዳታ፣ 500 ሚሊዮኑ ብድር ነው። አይ.ኤም.ኤፍ.ም የራሱን 3.4 ቢሊዮን ዶላር ፈቀደ። እርምጃው አስፈላጊ ነበር የሚሉ የኢኮኖሚ ባለሙያዎች አሉ፤ የጥቁር ገበያው ልዩነት አገሪቱን እየበላ ነበር ይላሉ። ክርክራቸው የሚናቅ አይደለም። ግን ስለዚህ እርምጃ ከ1 እስከ 10 ነጥብ ቢጠየቅ የሚኒስቴሩ የመምሪያ ኃላፊና በደመወዝ ብቻ የሚኖረው የጥበቃ ሠራተኛ አንድ ዓይነት ቁጥር ይሰጣሉ? ጉሊት ላይ ዘይት በብርጭቆ ለክታ የምትሸጠው እናትስ ስንት ትሰጥ ነበር? መልሷን አናውቅም፤ የጠየቃት የለማ!

ካልተጠየቁት ውስጥ ግን በራሳቸው ጊዜ መልስ የሰጡ አሉ። ይህን ታሪክ አዲስ አበቤው በደንብ ሊያውቀው ይገባል። ከ1997ቱ ምርጫ ቀውስ በኋላ ለጋሾች ለመንግሥት በጀት በቀጥታ የሚሰጡትን ገንዘብ አቆሙ። በምትኩ በግንቦት 1998 ዓ.ም. ባንኩ 215 ሚሊዮን ዶላር መድቦ የመሠረታዊ አገልግሎቶች ፕሮግራም የሚባለውን ጀመረ። ገንዘቡ በወረዳ በኩል የመምህራን፣ የጤናና የግብርና ሠራተኞች ደመወዝ ሆነ። ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ሠራተኛ አገኙበት፤ ይህ መልካም ሥራ ነው።

በጋምቤላ ግን በዚያው ዘመን ሌላ ፕሮግራም ይካሄድ ነበር። ሕዝቡን ከተበታተነበት ሰብስቦ በመንደር ማስፈር። መንግሥት «በፈቃዳቸው ነው» አለ። ወደ ደቡብ ሱዳንና ወደ ኬንያ የተሰደዱ አኙዋኮች ደግሞ «በግዳጅ ነው፣ ተደብድበናል፣ መሬታችንን ተነጥቀናል» አሉ። በመስከረም 2005 ዓ.ም. ለባንኩ የኢንስፔክሽን ፓነል አቤቱታ ጻፉ። የወረዳ ሠራተኛው ደመወዝ ከባንኩ ገንዘብ ነው፤ እኛን ያሰፈረንም ያው የወረዳ ሠራተኛ ነው አሉ። ባንኩ በዚያው ወር ለፕሮግራሙ ቀጣይ ምዕራፍ 600 ሚሊዮን ዶላር አጸደቀ።

ፓነሉ ከሁለት ዓመት በኋላ በኅዳር 2007 ዓ.ም. ምርመራውን ሲያጠናቅቅ ምን አለ? የመብት ጥሰቱ መፈጸም አለመፈጸሙን ማጣራት ሥልጣኔ አይደለም አለ። ነገር ግን በሁለቱ ፕሮግራሞች መካከል የሥራ ትስስር እንደነበረ፣ የባንኩ አስተዳደርም የሚያስከትለውን አደጋ በራሱ ደንብ መሠረት በሚገባ እንዳልመረመረ ገለጸ። እንግዲህ ልብ እንበል! ባለሥልጣኑም፣ አማካሪውም፣ ለጋሹም ያላነሱትን ነገር አገር ጥለው የተሰደዱ ገበሬዎች አነሱት። የባንኩ የራሱ ተቋም ደግሞ የአቤቱታቸው ዋና ነጥብ መሠረት እንዳለው መሰከረ። ከ1 እስከ 10 የሚለው ሠንጠረዥ ይህን መቼም አያገኘውም።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። ለፓነሉ ቡድን ሲያስተረጉም የነበረ አንድ የጋምቤላ ፓስተር በመጋቢት 2007 ዓ.ም. ናይሮቢ ወደሚደረግ ስብሰባ ሊሄድ ሲል ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ተያዘ። በጳጉሜን ወር በፀረ ሽብር ሕጉ ተከሰሰ። ክሱ በማስተርጎሙ ነው አላለም። ሰሚው ሕዝብ ግን መደመር ያውቃል። አስተርጓሚው እንዲህ ከሆነ፣ ተናጋሪው ምን ሊሆን ነው? «ዝም አይነቅዝም» የሚለው ተረት በየቤቱ የሚደገመው በዚህ ምክንያት ነው።

ለዚህም ነው የነጥቡን ቁጥር ስናይ መጠንቀቅ ያለብን። በ621/2001 አዋጅ ዘመን፣ ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት ስለ ሰብዓዊ መብት መሥራት ተከልክሎ ነበር። አዋጁ በ2011 ዓ.ም. በ1113 ቁጥር ሕግ እስኪተካ ድረስ አሥር ዓመት ቆየ። በዚያ ጊዜ ፈቃዱን እንዳይቀማ የሚፈራ የድርጅት ኃላፊ መጠይቅ ቢመጣለት ምን ይጽፋል? «8» ብሎ ያልፋል። 8 ግን እርካታ ላይሆን ይችላል፤ ፍርሃትም ቁጥር ይሰጣል። ሪፖርቱ ሁለቱን የሚለይበት ዓምድ የለውም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ጥናቱ ይቅር አንልም፤ ይስፋ እንላለን። አንደኛ፣ ከመጠይቁ ግማሹ እንኳ ወደ ወረዳ ይውረድ። ፕሮጀክቱ ያስነሳው ገበሬ፣ ሴፍቲኔት ውስጥ ያለችው እናት፣ መንገዱ በደጁ ያለፈ ባለሱቅ በሚሰማው ቋንቋ ይጠየቅ። ሁለተኛ፣ ከብድሩ ደመወዝ ወይም ውል ያለው ሰው የሰጠው ነጥብ ለብቻው ይታተም። ሦስተኛ፣ ውጤቱ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛም ይውጣ፤ በጋዜጣ ይታተም፣ በሬዲዮ ይነበብ። አራተኛ፣ ተናግሮ ለሚታሰር ሰው ባንኩ ምን እንደሚያደርግ ገንዘቡን ከመልቀቁ በፊት በውሉ ውስጥ ይጻፍ። ለግዢ ጨረታ ስንት ገጽ መመሪያ የሚጽፍ ተቋም ለዚህ አንድ ገጽ አያጣም።

አንባቢም የራሱ ሥራ አለው። ከ1986 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ ያለው ኢንስፔክሽን ፓነል የባለሥልጣን ደብዳቤ አይጠይቅም። የባንኩ ፕሮጀክት ጎዳን የሚሉ ሁለት ሰዎች ከሆኑ አቤቱታ ማቅረብ ይችላሉ። ሁለት ሰው! ለዕድር ዳኝነት እንኳ ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። ይህን መብት የጋምቤላ ስደተኞች አውቀው ሲጠቀሙበት እኛ በየካፌው «ባንኩ እኮ…» እያልን ማኪያቶ እናቀዘቅዛለን።

አበዳሪው ስሙን ማወቅ ይፈልጋል፤ ደግ። ስሙን በትክክል የሚነግረው ግን የሚከፍለው ሰው ነው። ዕዳው እስከ ልጅ ልጃችን ሲደርስ መንገዱ አልጠፋበትም፤ ጥያቄው እኛ ዘንድ ለመድረስ ለምን መንገድ ይጠፋበታል?