ዌብሳይቱን ከፍቼ ስልኬን ዘጋሁ!

የዚህ ሳምንት ደብዳቤዎች እንደተለመደው የፍቅር፣ የቅናትና የኩርፊያ ናቸው። አንዷ ግን ለየት አለችብኝ። ይህችን ልጅ ፍቅረኛዋ አልከዳትም፣ አማቷም አላስለቀሰቻትም። የከዳት ፊደል ነው! እስቲ አሳጥሬ ላቅርብላችሁ።

«የ23 ዓመት ወጣት ነኝ። በአንድ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት እሠራለሁ። አንድ የሠፈራችን ትልቅ ሰው የእድራችንን ጽሑፎች ዌብሳይት ላይ አውጪልን አሉኝ። ያለፉ አባላት የሕይወት ታሪክ፣ ቃለ ጉባኤ፣ መተዳደሪያ ደንብ፤ ሁሉም በዎርድ የተጻፈ፣ 46 ፋይል ነው። ‹ሴቭ አዝ› ብሎ ዌብ ፔጅ ማድረግ የአንድ ሌሊት ሥራ ነው ብዬ ግማሽ ክፍያ ተቀበልኩ። እኔ ኮምፒውተር ላይ ያምር ነበር። ስልክ ላይ ሲከፈት ግን የእንግሊዝኛ ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ! አሜሪካ ያለች የአንድ ሟች ልጅ ከአባቷ ፎቶ ሥር ያንን አይታ ለሰውየው እያለቀሰች ደወለች። ገንዘቡን የቤት ኪራይ ከፍዬበታለሁ። ስልኬን ከዘጋሁ ሦስት ቀኔ ነው። ከሠፈር ልጥፋ ወይ?»

እህቴ፣ በመጀመሪያ ስልክሽን ክፈቺ! የት ነው የምትጠፊው? እኔም አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ጽሕፈት ቤት ስሠራ ተመሳሳይ ጉድ ውስጥ ገብቼ ነበር። ፊደሉ አልታይ ሲለኝ ወረቀቱን ፎቶ እያነሳሁ ለጠፍኩትና ብልጥ የሆንኩ መሰለኝ። በስልክ ሲታይ እንደ ጉንዳን ሠልፍ ነበር። አንድ ስም ፈልጎ የሚያገኝ የለም፣ ማየት ለተሳነው ሰው የሚያነብለት ፕሮግራምም ከፎቶው ምንም አያገኝም። ደንበኛው ተመልሶ አልመጣም። ስለዚህ አቋራጩን አትሞክሪው፣ እኔ ከፍዬበታለሁ።

አሁን ወደ በሽታው እንግባ። ኮምፒውተር ፊደል አያውቅም፣ ቁጥር ነው የሚያውቀው። በድሮዎቹ የአማርኛ ፊደል ፕሮግራሞች ጊዜ የኛ ፊደል የራሱ ቁጥር አልነበረውም። ስለዚህ በእንግሊዝኛው ፊደል ቁጥር ላይ የአማርኛ መልክ ይሣልበት ነበር። በሰው ቤት በደባልነት መኖር በይው! ያ ፎንት ያለበት ኮምፒውተር አማርኛ ያሳያል፤ የሌለበት የቤቱን ባለቤት፣ ማለትም እንግሊዝኛውን ያወጣዋል። ያንቺ ኮምፒውተር ፎንቱ አለው፣ የልጅቱ ስልክ የለውም። ነገሩ ይኸው ነው።

የኛ ፊደል የራሱን ቤት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ በዩኒኮድ 3.0። ዛሬ «ሀ» 4608 ቁጥር ነው፣ «ሁ» 4609፣ «ሂ» 4610 እያለ ይቀጥላል። በዩኒኮድ የተጻፈ አማርኛ አዲስ አበባም ዋሽንግተንም ያው አማርኛ ነው፤ የአሁን ስልኮች የግዕዝ ፊደል አብሯቸው ይመጣልና።

ታዲያ ከ46ቱ ፋይል የትኛው ድሮ፣ የትኛው ዩኒኮድ እንደሆነ በምን ታውቂያለሽ? ቀላል ነው። ከየፋይሉ አንድ አንቀጽ ቅጂና በቴሌግራም ወደ ራስሽ ስልክ ላኪው። አማርኛ ሆኖ ከደረሰ ጤነኛ ነው። ዝብርቅርቅ ወይም ባዶ ሳጥን ከሆነ በሽተኛ ነው። ሁለቱን ለያይተሽ በሁለት ፎልደር አስቀምጪ። ዋናዎቹን ፋይሎች ግን አንድም ሳትነኪ ኮፒ አድርገሽ አስቀሪ። በሞቴ ይህን እንዳትዘነጊ!

በሽተኞቹን ወደ ዩኒኮድ በሚቀይር ፕሮግራም አሳልፊያቸው። የፎንቱን ስም በትክክል ምረጪ፤ አንዱ ፕሮግራም «ለ» የሳለበት ቁጥር ላይ ሌላው «መ» ስሎበት ይሆናልና። ይህን የምትሠሪው ገና ዎርድ ውስጥ እያለ ነው። ወደ ዌብ ፔጅ ከቀየርሽው በኋላ የፎንቱ ስም ሊጠፋ ስለሚችል፣ የትኛው ቃል እውነተኛ እንግሊዝኛ፣ የትኛው አማርኛ እንደነበር መለየት ያስቸግራል። ከዚያ ከታተመው ወረቀት ጋር እያመሳከርሽ አንብቢ። በተለይ የሟቾችን ስምና ዓመተ ምሕረት! ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ እየደረደርሽ የጻፍሽውን «፡፡»ም በእውነተኛው አራት ነጥብ «።» ቀይሪው።

ቀጥሎ የርዕሱ ነገር። ርዕስ ማለት አድምቆና አተልቆ መጻፍ ይመስለናል አይደል? ለዓይን ነው እንጂ ለኮምፒውተር አይደለም። ዎርድ ላይ ‹ስታይል› ከሚለው ውስጥ ‹ሄዲንግ 1›፣ ‹ሄዲንግ 2› እያልሽ ስጪው፤ ዌብ ፔጁም ርዕስ መሆኑን ያውቃል። በስፔስና በታብ ያስተካከልሽው የመዋጮ ሰንጠረዥም ይፈርሳል፣ ዌብ ላይ አሥር ስፔስ እንደ አንድ ነው የሚቆጠረውና። እውነተኛ ሠንጠረዥ አድርገሽ ሥሪው። የገጽ ቁጥር ያለበትን ማውጫም አውጪው፤ ዌብ ላይ ገጽ 12 የሚባል ነገር የለም።

አሁን ‹ሴቭ አዝ›! ዎርድ ከሚሰጥሽ ምርጫዎች ሁለቱን ልንገርሽ። ‹ዌብ ፔጅ› የሚለው መልሶ በዎርድ ለማረም የሚያስፈልገውን ጓዝ ሁሉ አሽጎ ይይዛል፣ ፋይሉን ያከብደዋል። ‹ዌብ ፔጅ ፊልተርድ› የሚለው አብዛኛውን ጓዝ ይጥላል። አንቺ ሁለተኛውን ምረጪ፣ በዌብ ኦፕሽን ውስጥ ደግሞ ዩቲኤፍ-8 መሆኑን አረጋግጪ። የበለጠ ንጹሕ ከፈለግሽ ፓንዶክ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ ግን የሚያነበው ዶክኤክስ ነውና የድሮውን ዶክ መጀመሪያ በዎርድ ቀይሪው። ፎቶዎቹ ከፋይሉ ጎን በሌላ ፎልደር ይቀመጣሉ፤ ያንን ፎልደር ካልጫንሽ የአባትየው ፎቶ አይታይም። የፋይሉን ስምም ያለ ክፍት ቦታ በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደል አድርጊው።

አንዱን ፋይል ብቻ ጨርሰሽ በሦስት የተለያዩ ስልኮች እዪው። ሲያምር 45ቱን ትቀጥያለሽ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነውና፣ ሁሉንም ባንዴ እንዳትለጥፊ።

አሁን ደግሞ ስለ ሰውየው። ዛሬውኑ ሂጂ፤ በስልክ ሳይሆን በአካል። እንዲህ በያቸው፦ «ጋሼ፣ ሥራውን ሳላውቀው ቀላል ነው ብዬ ተቀበልኩ፤ ጥፋቱ የኔ ነው። የተበላሸውን አሁኑኑ አወርደዋለሁ። በሦስት ቀን የአንድ ሰው ታሪክ አስተካክዬ አሳይዎታለሁ። ከወደዱት እቀጥላለሁ፣ ካልወደዱት ብሩን በየወሩ እመልሳለሁ።» ይቆጡሽ ይሆናል። ይቆጡ! የተቆጣ ሰው ይበርዳል፣ የተካደ ሰው ግን አይረሳም። ያንቺ ጽሕፈት ቤት ደግሞ እንጀራው የሠፈር ሰው አፍ ላይ ነው።

መጀመሪያ የምታስተካክዪው የማንን ታሪክ እንደሆነ ሳልነግርሽም ታውቂዋለሽ። የዚያችን ልጅ አባት ነው። ሲያልቅ ልጅቷ ራሷ ታንብበው፣ የተሳሳተ ስም ካለ ታርምልሽ። ያኔ አንቺም ስልክሽን ያለ ፍርሃት ታነሺያለሽ።

እናንተም ወጣቶች፣ ሥራ ሲመጣ «ቀላል ነው» ከማለታችሁ በፊት አንዷን ገጽ ሞክሯት፣ ከዚያ ዋጋ ተናገሩ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ያሉት አባቶቻችን ኮምፒውተር ሳያዩ ነው!

ሳምንት በሌላ ደብዳቤ እስክንገናኝ፣ ቸር እንሰንብት!